ኮፍያ ያዡ ዳኛ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ዋሽቼ ከተገኘሁ የጠባሴ ሰፈር ውርጭ ምላሴን እንደ ቋንጣ ያድርቀው። ደግሞስ አስቡት፤ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ከየት አምጥቼ እፈጥራለሁ?

ስሜ አሻግሬ ነው። ነገሩ በሆነበት በ2087 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን ክሪኬት ሜዳ ዳኛ ነበርኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የሜዳ ዳኛ፣ ደረጃ ሁለት» ይላል። ሥራዬ ግን ኮፍያ መያዝ ነበር።

ክሪኬት ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይሠራል የሚል ካለ ታሪክ አልተነገረውም። ቆላው ዓለም እንደ ማረሻ ብረት ሲግል አምስት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጫወት ሰው ጠፋ። አምስት ቀን ያልተጫወቱት ክሪኬት ክሪኬት አይደለም የሚሉ ግትር ሕንዶች ግን ነበሩ። ዱላና ኳሳቸውን ይዘው ደጋ ደጋውን ፍለጋ ወጡ፤ ጎባ፣ ደባርቅ፣ ደብረ ብርሃን። እኛም መጀመሪያ አጥር ላይ ሆነን ሳቅንባቸው። ቀጥሎ ኳስ አቀበልናቸው። ቀጥሎ አሸነፍናቸው። ብርዱ ረድቶናል፤ በጥር ጠዋት የተወረወረች ኳስ አየር ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።

ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ መትቶም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይሮጣል። በመስመሮቹ አጠገብ ሦስት ሦስት ካስማ ተተክሏል። መቺው ከመስመሩ ውጪ ሳለ ካስማውን በኳስ ካፈረሱበት ወጣ፤ ተራው አለቀ። ዱላው የነካት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበችም እንደዚያው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የሚጣፍጠው ግን ጌጡ ነበር። በሕጉ ዳኛ ሳይጠየቅ አይፈርድም። ካስማው ፈርሶ፣ አገር ሁሉ እያየ እንኳ፣ ማንም ዳኛውን ካልጠየቀ ጨዋታው ይቀጥላል። ሕንዶቹ ሲጠይቁ በቋንቋቸው ይጮኹ ነበር። የኛ ልጆች ደግሞ ከቅድመ አያት የወረሱትን ጮኹ፤ «በሕግ አምላክ!» ድሮ ይህን ቃል የሰማ ሸሺ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ወደ እኔ ሲዞር፣ እመኑኝ፣ መንገሥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጣቴን ካነሳሁ መቺው ይሄዳል። ራሴን ከነቀነቅኩ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ከተማው ሳምንት ሙሉ እኔን ይሰድባል።

ነገሩ ከመሆኑ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አይስቴ መጣ።

መሣሪያ ነው፤ የመዝገብ ስሙ ረጅም ነው። አይስቴ ያልነው ስለማይስት ነው፤ እውነትም አይስትም። ሜዳውን ከየጥጉ ያያል፤ ፍርዱን በተጫዋቹም በተመልካቹም አምባር ይልካል። አንድ ንዝረት፣ አልወጣም። ሁለት ንዝረት፣ ወጣ። የሚጠይቀው የለም፤ ሳይጠየቅ ይፈርዳል።

ተመልካቹ በሦስት ሰዓት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አምባሩን ያያል። ፍርዱ ከዓይን ስለሚቀድም ኳሷን የሚያይ የለም። አራት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ «እህ» ይላል። በአንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ዘጠኝ ይሁን ብሎ የደነገገ የለም፤ ብቻ ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። ከጨዋታ በኋላ አዳሙ ፀጉር ቤት ሰው ይገባል፣ ይቆረጣል፣ ይወጣል። «ፍርዱ ልክ ነበር?» «ልክ ነበር።» አለቀ። አዳሙ የመጠበቂያ አግዳሚውን ወደ ጓሮ አወጣውና ዶሮ ሰፈረበት። ድሮ አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሊቆረጥ ሳይሆን ሊከራከር የሚመጣው ነበር።

ተጫዋቹም ተለወጠ። ድሮ ዳኛ ሳያየው «ነክታኛለች፣ ወጥቻለሁ» ብሎ በገዛ እግሩ የሚሄድ መቺ ነበር። ነክታውም «እናቴን ልቅበር አልነካችኝም» የሚል ነበር። አይስቴ ከመጣ ወዲህ እውነት መናገርም መዋሸትም ከሥራ ውጪ ሆኑ። እኔ በሁለተኛው የታወቅሁ ስለነበርኩ ሐዘኑ በረታብኝ።

እኔን ያቆየችኝ አንዲት የጥንት ልማድ ናት። ወርዋሪ ሊወረውር ሲል ኮፍያውንና ሹራቡን አውልቆ ለዳኛ ይሰጣል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ማንም አላሰበም። ስለዚህ ከበግ ጠጉር የተሠራ ነጭ የባና ካፖርቴን ለብሼ እቆማለሁ፤ ራሴ ላይ አራት ኮፍያ፣ ወገቤ ላይ ሦስት ሹራብ። አንድ ዓመት ሙሉ ኮፍያዎቹን እያቀያየርኩ መለስኩላቸው፤ ጠባቡን ለትልቅ ራስ፣ ሰፊውን ለትንሽ። አይስቴ ይነቃ እንደሆን ብዬ ነበር። አልነቃም። እኔ ወዳለሁበት አያይም።

በምሥራቁ መቀመጫ እትዬ አጸደ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰድበውኛል። «አንተ አሻግሬ! ዓይንህን ለማን አውሰህ ነው የመጣኸው?» ሲሉ ሜዳው በሳቅ ይፈርስ ነበር። አይስቴ ከመጣ ወዲህ ዝም አሉ። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው ረሱኝ?»

«ምን አድርገህ ልስደብህ፣ ልጄ?»

«ትንሽም ብትሆን። ለብርዱ።»

አዩኝ፤ አሰቡ፤ «ኮፍያ አያያዝህ አያምርም» አሉኝ። ስድብ አልሆነላቸውም። እሳቸውም ገባቸው፣ እኔም ገባኝ፤ ተሰናብተን ተለያየን።

አሁን ስለ ከድር ልንገራችሁ። ከድር የጎባ መቺ ነው። አይስቴ ከመምጣቱ በፊት ጣቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው በእሱ ላይ ነበር። ኳሷ ዱላውን ሳትነካ ተቀለበች፤ እኔ ነክታለች አልኩ። ከድር አየኝ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ሄደ። በማግሥቱ ምስሉ ወጣና መሳሳቴን አገር አየ። በወሩ አይስቴን ተከሉት። እኔ ብቻ ነኝ ያመጣሁት አልልም፤ በሩን የከፈትኩ ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎባዎች በመጡ ቁጥር ከድር ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ይመጣል። «ዳኛው፣ እንደምን አደሩ?» ይለኛል። ዳኛው የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ድፍረት አገኘሁና፣

«ያቺ ኳስ አልነካችህም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ተጠየቁ፣ ፈረዱ። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

ይህን ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እህል እምቢ አለኝ። ሰው ሲያረጅ የሚመኘው ነገር ትንሽ እየሆነ ይሄዳል ይላሉ፤ የኔ ትንሽ ነበር። አንድ ጊዜ ልጠየቅ። ልክ ልፍረድ አላልኩም። አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ በሕግ አምላክ ይበለኝ።

በዚያ ዓመት የዋንጫው ጨዋታ ደብረ ብርሃን ከጎባ ሆነ፤ እኛው ሜዳ ላይ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉሙ ሣሩ ላይ ተኝቶ ሳለ ከድር መጣ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

«ዳኛው፣ እንደምን አደሩ?»

«ደህና። ዛሬ የመጨረሻህ ነው አሉ።»

«ጉልበቴ ነው ያለው። እኔ አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ነገሩ እዚህ ደረሰ። ጎባ ሦስት ሩጫ ካገኘ ዋንጫው የጎባ ነው። የቀሩት መቺዎች ከድርና አንድ ጓደኛው ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከወጣ ዋንጫው የኛ። የኛ አምበል ትሁት ራሷ ልትወረውር መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበች ተጫዋች ከእሷ በቀር አላውቅም። ኮፍያዋን አቀበለችኝ።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ይቺን ደግሞ በማን ኮፍያ ሊለውጧት ነው?»

«አውቀሽ ነበር እንዴ?»

«ዓመት ሙሉ ሰፊ ኮፍያ አድርጌ! ጆሮዬን እስኪሸፍነው!»

ሮጣ ወረወረች። ከድር ኳሷን በትሁት አጠገብ አሾልኮ መታት። ትሁት ኳሷን ልታስቀር በአየር ላይ ተወረወረች፤ አልደረሰችባትም፤ ራሷ መሬቱን ሲመታው ድው ያለው እኔ ድረስ ተሰማ። ከድር ሩጫ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ አያት። ዱላውን ጣለ፣ ተንበረከከ፣ ራሷን በሁለት እጁ ያዘ።

በዚህ መሃል ኳሷ ተመለሰች። ከካስማው ኋላ የሚቆመው ምናሴ ተቀበላትና፣ እጁ እንደለመደው፣ ካስማውን ነካ አደረገ።

ሁለት ንዝረት።

አራት ሺህ ሰው አምባሩን አየ። ዘጠኝ ሰከንድ አጨበጨበ። የድል መብራቱ በራ። ደብረ ብርሃን ሻምፒዮን ሆነ።

ልብ በሉ፣ አይስቴ አልሳተም። ከድር ከመስመሩ ውጪ ነበር፤ ካስማውም ፈርሷል። ለምን እንደወጣ የሚጠይቅ አንቀጽ የለውም።

ከድር ትሁት ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቀ። ደገፍ አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያ አምባሩን አይቶ ፈገግ አለ፣ ዱላውን አነሳ፣ የሜዳው ድንበር ወደሆነው ገመድ መሄድ ጀመረ። መቺ ገመዱን ካለፈ ማንም አይመልሰውም፤ ይህም በሕጉ አለ።

«ምን ሆነ?» አለች ትሁት።

«አሸነፍን!» አለ ምናሴ።

«እንዴት?»

«ከድር ከመስመሩ ውጪ ነበራ።»

«ውጪ የት?»

«አንቺ ጋ።»

ትሁት አምባሯን ወደ አፏ አስጠጋች። «አምበሏ ነኝ። ፍርዱ ይነሳ።»

«የቀረበ አቤቱታ የለም» አለ አምባሩ፣ በዚያ በሚያስተኛ ድምፁ። «የሚነሳ የለም።»

ይህ ነው የነገሩ ቋጠሮ። በድሮው ሕግ የጠየቀ አምበል መቺው ገመዱን ሳያልፍ፣ ዳኛው ከፈቀደለት፣ ጥያቄውን መልሶ መሳብ ይችላል። የተሳበ ጥያቄ ፍርዱን ይዞት ይሄዳል። አይስቴ ግን ሳይጠየቅ ስለሚፈርድ የሚሳብ ነገር አልተረፈም። አንቀጹን ከመጽሐፉ አልሰረዙትም፤ ረስተውት እንጂ ለሌላ አይደለም። የሚጠየቀውም «የሜዳ ዳኛ» እንደተባለ ቀርቷል።

«ተይው በቃ፣ ትሁት» አለ ምናሴ፤ «ዋንጫ እኮ ነው!»

«ራሴን ይዞኝ ነበር እኮ! ዝም በል!»

ተነሥታ ወደ ከድር ሮጠች። አራተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። «ከድር፣ ቁም!» አለች። ከድር ምስጋና መሰለው፤ ሳይዞር እጁን አውለበለበላት። ያን ጊዜ ትሁት ወደ እኔ ዞረች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ነጭ ካፖርት ከኮፍያዎቹ በጨዋታ መሃል ለይቶ ያየ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«በሕግ አምላክ!»

ወዲያው ነፋስ ተነሣና ቃሏን ከአፏ ላይ ወሰደው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጊዜ የሙሽራ ዘፈን ከጠባሴ ሰርቆ በሦስተኛው ቀን ሸኖ ላይ አራግፎታል። እኔም አልሰማሁም፣ ከድርም አልሰማም። መንገዱን ቀጠለ። አንድ እግሩን ከገመዱ በላይ አነሳ።

«በሕግ አምላክ!» አለች ደግማ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ከድር እግሩን እንዳነሳ ቆመ። አራት ሺህ ሰው ከአምባሩ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ኮፍያዎቹን በሙሉ ጣልኳቸው። ጣቴን አነሳሁ፤ ክብደቷን ረስቼው ነበር፤ በሌላው እጄ ደገፍኳት።

«ወጥቷል!» አልኩ።

«ጥያቄዬን ስቤያለሁ!» አለች ትሁት።

«ፈቅጃለሁ! ከድር፣ ተመለስ!»

አምባሮቹ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አይስቴ መጽሐፉን እያገላበጠ ይሆናል። ከዚያ አንድ ንዝረት መጣ። አንድ ብቻ።

ከድር እግሩን ገመዱ በዚህ በኩል አሳረፈ። ተመልሶ ሲመጣ በአጠገቤ አለፈ፤ ካስፈለገው በላይ ቆየት ብሎ አየኝና ቦታውን ያዘ። ትሁት ሌላ ኳስ ወረወረች፤ በዚያ ዓመት ከወረወረችው ሁሉ ያማረ ኳስ ነበር። ከድር ገመዱን አሻግሮ መታት፤ እንዲህ ያለ ምት ሳይሮጡ ስድስት ሩጫ ነው። ዋንጫው ጎባ ገባ።

የጎባ ልጆች ከድርን ተሸከሙት። የኛ ሰው ቁጭ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደሚባል ጠፋው። ከዚያ በምሥራቁ መቀመጫ አንዲት ነጠላ ተነሣች።

«አንተ አሻግሬ!» አሉ እትዬ አጸደ። «አሥራ አንድ ዓመት ተኝተህ ተኝተህ ለዚህ ነው የነቃኸው? ከአፋችን ያወጣህብን ዋንጫ በጉሮሮህ ይሰንቀርብህ! ጣትህን ቁራ ይብላት!»

«የምን ቁራ!» አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላቸው። «ልክ ነው የፈረደው!»

«ልክ? አንተን ብሎ ክሪኬት አዋቂ!»

አንዱ ከሌላው ተያያዘ። ሜዳው ሙሉ ተጯጯኸ። ማንም አምባሩን አላየም። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ስድቡን እንደ ዝናብ ተቀበልኩት፤ ዓይኔ ረጠበ። በማግሥቱ አዳሙ ዶሮዎቹን አባርሮ አግዳሚውን መለሰው።

ከድር ከመሄዱ በፊት መጣ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ዳኛው፣ ይቺን ይያዙልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ። መወርወር ሳላውቅ ነው ያረጀሁት፤ አስይዤዎት አላውቅም» ብሎ ሳቀና ሄደ።

በወሩ አንቀጹ ተሰረዘ። ለሚቀጥለው ዓመት ሜዳው ላይ የእንጨት ኮፍያ መስቀያ ቆመ፤ ነጩን ካፖርቴን አለበሱት። ከሩቅ ሲያዩት እኔን ይመስላል ይላሉ። እኔ አሁን ውሎዬ የአዳሙ አግዳሚ ላይ ነው። እዚያ ነገሩን ለሺኛ ጊዜ ስናገር ባለፈው ቅዳሜ እትዬ አጸደ በበር ሲያልፉ ሰሙኝ።

«የምን ነፋስ ነው የምታወራው?» አሉ። «ያን ቀን የነጠላዬ ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም።»

«እርስዎ ያሉበት ጥግ ከለል ያለ ነው፣ እትዬ።»

ቆየት ብለው አዩኝ፤ ከድር እንዳየኝ አድርገው።

እንግዲህ ውርጩ ሳይመጣ ይቺን አንዲት ነገር ላርም። ነፋስ አልነበረም። እሱን ፈጥሬዋለሁ። ትሁት መጀመሪያ ስትጮኽ ጥርት አድርጌ ሰምቻታለሁ። ከድርም ሰምቷል፤ ከገመዱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆሞ ዞሮ አየኝ፤ ፍርዴን ጠበቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የኮፍያ አቧራ አራገፍኩ። ዝም ስል ፈረደብኝ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። አንድ እርምጃ። ሁለት። እግሩ ሲነሳ በጎን አየሁት። ያም ሆኖ እንዳልሰማ ሆኜ ቆየሁ፤ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እንድትደግመው።

ደገመችው።